ያልተደገመው ማስጠንቀቂያ

ባለፈው ሳምንት ንፋሴን የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ጥለናት ነበር የሄድነው። እኛ እራታችንን በልተን ተኝተናል። እሷ ግን አሁንም እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ናት፤ እሳት ጎርሳ፣ እሳት ለብሳ። የጽዳት ሠራተኛዋ እንኳ መወልወያዋን ይዛ በሩቁ ዞራ ነው የምታልፋት።

ለአዲስ አንባቢ ላስተዋውቅ። ንፋሴ ወላጆቿ ያወጡላት ስም አይደለም። በደን እሳት መከላከያ ጣቢያው ሬዲዮ ላይ ተቀምጣ ለሄሊኮፕተር አብራሪዎች የንፋሱን አቅጣጫና ጉልበት የምትነግረው እሷ ስለሆነች ሠራተኛው ያወጣላት ነው። ሄሊኮፕተሮቹ የአባቷ ናቸው። እሱን ደግሞ ሠራተኛው በሌለበት «ባለሰማዩ» ይለዋል፤ ሲራመድ ሰማዩን በካርታ የተመራ ነው የሚመስለው። ባለፉት ሳምንታት አንቱ እያልኩት ነበር የመጣሁት። ዛሬ ግን ይቅርታ አድርጉልኝ፣ አንቱታው ከአፌ አልወጣ ብሎኛል።

ከበሩ ማዶ አንድ እግሩ በጀሶ ታስሮ የተኛው አብራሪ «ድገሚልኝ» ይባላል። ቅጽል ስሙን ያመጣው በራሱ ጥፋት ነው። ንፋሴ በሬዲዮ «ንፋስ ከምሥራቅ፣ ለስላሳ» ብትለው አንድም ቀን በአንዴ ሰምቶ አያውቅም። «ድገሚልኝ» ይላታል። ትደግምለታለች። «አሁን ሰማሁ» ይላል። ጆሮው አንድም ነገር የለበትም፤ ድምፅዋን ሁለት ጊዜ ለመስማት ነው። የመካኒኮቹ ወርክሾፕ ውስጥ ያለው የድምፅ ማጉያ ይህን ሁሉ ስለሚያሰማ፣ ሰዎቹ መፍቻቸውን አስቀምጠው ይስቃሉ። አንዳንዶቹማ ከእሷ ቀድመው ይደግሙለታል።

ልጁ ያደገው በባለሰማዩ ግቢ፣ ከትልቁ ቤት ጀርባ ባለችው ሰርቪስ ውስጥ ነው። እናቱ የዚያ ቤት ልብስ ተኳሽ ናቸው። ንፋሴ በልጅነቷ የለበሰችው ቀሚስ ሁሉ በእሳቸው ካውያ ሥር ያለፈ ነው። ልጁ ተምሮ፣ ተወዳድሮ አብራሪ ሲሆን ባለሰማዩ «የግቢያችን ልጅ» እያለ ለእንግዳ ሁሉ ያስተዋውቀው ነበር። የግቢያችን ልጅ የግቢያችንን ሴት ልጅ ሲወድ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ሰርቪሷ በር ላይ ቆመው ሲሳሳቁ ያያቸው ዕለት ባለሰማዩ ልጁን ምንም አላለውም። ንፋሴን ነው ለብቻዋ የጠራት።

«ከእንግዲህ በሬዲዮዬ ሲላፋብሽ ከሰማሁ መሬት አስቀምጠዋለሁ። የወረቀት አውሮፕላን እንኳ አያበርም» አላት።

እንግዲህ የአደጋው ጠዋት። እሳቱ የጥድ ደኑን በልቶ ወደ ሸንተረሩ እየወጣ ነው። ድገሚልኝ ከሄሊኮፕተሩ ሆድ ሥር በገመድ የተንጠለጠለውን ትልቅ ባልዲ ከግድቡ ይሞላል፣ ይመለሳል፣ እሳቱ ላይ ይደፋል፣ ደግሞ ይሄዳል። አብረውት ያሉት ጋሽ ብሎን ናቸው፤ የጣቢያው አንጋፋ መካኒክ፣ ኪሳቸው ከብሎን፣ አፋቸው ከቀልድ ተለይቶ የማያውቅ። በጎን በር አጎንብሰው ባልዲውን የሚጠብቁት እሳቸው ነበሩ።

በዚህ መሀል ከደን ጠባቂዎች ወሬ ደረሰ። አንድ የእንጨት ነጋዴ፣ ማንንም ሳያማክር፣ ግንድ የሚያሻግርበት የብረት ገመድ ከገደሉ ወዲህና ወዲያ ወጥሯል። ቀይ ጨርቅ እንኳ አላሰረበትም። ምን ቆርጦት! ንፋሴ ሬዲዮውን አንስታ «ገደሉ ላይ የብረት ገመድ አለ። በገደሉ እንዳትገባ። በደቡብ ዞረህ ግባ» አለች።

«ድገሚልኝ» አለ።

ወርክሾፕ ውስጥ እንደ ልማዳቸው ሳቁ። ንፋሴ ልትደግም አፏን ከፈተች። በጣቢያው አንድ ሕግ አለ፤ አብራሪው ቃል በቃል መልሶ ያልተናገረው ማስጠንቀቂያ እንዳልተነገረ ይቆጠራል። ያን ጠዋት ግን ባለሰማዩ ከኋላዋ ቆሞ ነበር። እጁን ዘርግቶ የመናገሪያውን ቁልፍ ሸፈነባት።

«ተዪው። ሰምቷል። ደን እየነደደ ይላፋል!»

«አባዬ፣ ሕጉ እኮ...»

«ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

እጁን ገፍታ መናገር ትችል ነበር። አልገፋችም። ብትመልስ ልጁን መሬት ሊያስቀምጠው ነው፤ ደግሞስ ድገሚልኝ መቼ ነው የምሩን ጠይቆ የሚያውቀው? ዝም አለች። ከዚያ በኋላ በሬዲዮው የመጣውን ድምፅ አልጽፍላችሁም። ሄሊኮፕተሩ የብረት ገመዱን መታ። ጋሽ ብሎን ሞቱ። ድገሚልኝን ከተጨማደደው ብረት ውስጥ በሕይወት አወጡት።

ዛሬ ኮሪደር ላይ እሳት ያስጎረሳት ግን ሌላ ነገር ነው። ድገሚልኝ ለአጣሪ ኮሚቴው ቃሉን ሰጥቷል። «ማስጠንቀቂያውን ሰምቻለሁ። ድገሚልኝ ያልኩት እንደ ልማዴ ለጨዋታ ነው» ብሏል። ንፋሴ ይህን እስክትሰማ ድረስ «ሳይሰማኝ ነው የገባው፣ እኔ ነኝ የገደልኳቸው» እያለች በጸጸት ስትነድ ነበር። ለካስ ሰምቷል! የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው በጣቢያው ልጁን ያልረገመ ሰው የለም። እሷም ምሳሯን ይዛ ነው የመጣችው።

በሩ ተከፈተና እናቱ ብቅ አሉ። ዓይናቸው አብጧል።

«እማማ፣ ልግባ?»

«ግቢ። እኔን አልሰማም ብሏል። እስር ቤት የእናንተ ሰርቪስ መሰለው እንዴ፣ እንዲህ ዘው ብሎ የሚገባበት!» አሉና መንገዱን ለቀቁላት። «በአባትሽ ሸሚዝ ስንት ጊዜ ጣቴን ተቃጥያለሁ። እንዳሁኑ ግን ተቃጥዬ አላውቅም።»

ገባች። ድገሚልኝ አየት አደረጋትና ዓይኑን ወደ ጀሶው መለሰ። ይህ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ እሷን ሲያይ ዓይኑን መሰብሰብ አቅቶት የሚወቀስ ሰው ነው። እሷ ናት ሁሌ ቀድማ አንገቷን የምትደፋው። ዛሬ ፊቱን አዞረባት፤ ያ ከቁጣዋ ሥር አንድ የፍርሃት ጠብታ ጣለባት።

«ሰምተኸኝ ነበር?»

«ሰምቼሻለሁ።»

«ጋሽ ብሎን አብረውህ ሆነው፣ ገመድ አለ እያልኩህ፣ ልትጫወት ነው ድገሚልኝ ያልከኝ?»

«አዎ።»

«እየኝና በለው።»

«አመመኝ።»

«የተሰበረው እግርህ ነው። ዓይንህ ምን ሆነ?»

ግሉኮሱ ብቻ ጠብ ጠብ ይላል። ንፋሴ ልትወጣ ዞረች። የበሩን እጀታ ይዛ ሳለ ምን እንዳሳሰባት አላውቅም፣ ምናልባት ያ ፊቱን ማዞሩ፣ መለስ አለች።

«እሺ። ከሰማኸኝ፣ በየት በኩል ዞረህ ግባ አልኩህ?»

ድገሚልኝ ትራሱን አስተካከለ። ውሃ ፈለገ። ብርጭቆውን ያዘና አልጠጣም።

«በሰሜን» አለ በመጨረሻ።

«በሰሜን።»

«አዎ፤ በሰሜን ዙር አልሽኝ። እኔ ነኝ እንቢ ያልኩት።»

«በደቡብ ነው ያልኩህ።»

ዓይኑን ጨፈነ። አሁን ደግሞ እሷ ነበረች የምታየው፤ ያለ እፍረት፣ ከግንባሩ ስፌት እስከ አገጩ።

«አልሰማኸኝም» አለች ቀስ ብላ።

«ሞተሩ ጮኸ፣ ጭሱ ዋጠኝ። የምሬን ነበር የጠየቅኩሽ» አለ ዓይኑን ሳይከፍት። «ዝም ስትዪ አባትሽ አጠገብሽ መኖሩ ገባኝ። ያው ንፋሱን ነው የነገረችኝ ብዬ ገባሁ።»

«ታዲያ ለምን ዋሸህ?»

«አልሰማሁም ብል፣ 'ለምን አልደገምሽለትም?' ይሉሻል። ከዚያ በኋላ እንዴት አድርገሽ ከአልጋሽ ትነሻለሽ? እኔ እንደሆንኩ አንዴ ወድቄያለሁ። ሁለት ሰው ከሚወድቅ ብዬ ነው።»

አንባቢዬ፣ አውቃለሁ፤ እዚህ ላይ እያለቀሰች ደረቱ ላይ እንድትወድቅ ትጠብቃላችሁ። እኔም ጠብቄ ነበር። ንፋሴ ግን ብርጭቆውን ከእጁ ነጥቃ ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጠው ውሃው ግማሽ አንሶላ አራሰ።

«ማን ለመነህ?»

«ምን?»

«ማን ለመነህ አልኩህ! አባቴ አፌን በእጁ ዘጋ። አንተ ደግሞ በፍቅር ልትዘጋው ነው? እኔ የሠራሁትን እኔ እንዳልናገር ሁለት ወንዶች ተስማምታችሁ ከፋፈላችሁኝ እኮ! እሱ ስሙን አተረፈ፣ አንተ ጀግና ሆንክ፣ እኔ ምን ልሁን? አልጋ ላይ ተቀምጣ የምታለቅስ አሻንጉሊት?»

«እወድሻለሁ እኮ ነው...»

«እንዲህ ከሆነ ቀንሰው!»

በሩን ስትዘጋው ነርሷ ከኮሪደሩ ጫፍ ዞራ አየቻት። ንፋሴ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ውሸቱን ስትጠላው፣ ለእሷ ብሎ እንዲህ የዋሸላት ሰው በዓለም እንደሌለ ደግሞ ልቧ ይነግራታል፤ ይህ ይበልጥ አበገናት።

ከሆስፒታሉ በቀጥታ ወደ አባቷ ቢሮ ሄደች። ባለሰማዩ ከሰፊው ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጧል። ጠረጴዛው ላይ ትንሽ የፕላስቲክ ሄሊኮፕተር አለ፤ ሰው ሲያናግር ክንፏን በጣቱ ያዞራታል። ያን ቀን አያዞራትም ነበር።

«እሱ አልሰማም። አንተም ታውቃለህ» አለችው።

«ልጁ ራሱ ሰምቻለሁ ብሏል። እኔ አስገድጄዋለሁ?»

«ቁልፉን የሸፈንከው አንተ ነህ።»

ባለሰማዩ በሩን ቃኘ። «ድምፅሽን ቀንሺ። ስሚኝ ልጄ፤ ደህና ጠበቃ እቀጥርለታለሁ። እናቱንም ከቤቴ አላስወጣም። ትንሽ ይቀጣል፣ ይረሳል። እኔ ይህን ቃል ብናገር ግን ጣቢያው ይዘጋል። ሄሊኮፕተሮቹ ይቆማሉ። ያ ሁሉ ሠራተኛ የት ይሄዳል? የደኑን እሳትስ ማን ያጠፋዋል፤ አንቺ በባልዲ ተሸክመሽ?»

እውነት አለበት እኮ። የክፉ ነገር ክፋቱ ከጎኑ ትንሽ እውነት ይዞ መምጣቱ ነው።

«ጨዋታ መስሎኝ ነበር በል» አለች ድምፅዋ እየተሰበረ። «ይኸው ነው። ጨዋታ መስሎኝ ነበር፣ ተሳሳትኩ። ሌላ ምንም አትበል። እኔም ከጎንህ ቆሜ የእኔን እናገራለሁ።»

ባለሰማዩ ቀኝ እጁን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ ከሥሩ አስገባው። ያቺን እጅ ከእሷ ሊደብቅ መሆኑ ገባት። አንድ አፍታ የሚናገር መስሏት ትንፋሿን ያዘች።

«ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ» አለ።

ልጅ ሆና ይህን አባት የሚያህል ሰው በምድር ላይ ያለ አይመስላትም ነበር። ከቢሮው ስትወጣ በአባቷ አፈረች፤ ማፈሯም ከመናደዷ በላይ አመማት።

አጣሪ ኮሚቴው በማግስቱ የተሰበሰበው በጣቢያው የምግብ አዳራሽ ውስጥ ነው። ጠረጴዛዎቹ ወደ ግድግዳ ተገፍተው የፕላስቲክ ወንበሮች ተደርድረዋል። ሰብሳቢው ጉንፋን ይዞት በየመሀሉ መሐረቡን ያወጣል። የጋሽ ብሎን ባለቤት ፊት ለፊት፣ ጥቁር ለብሰው፣ ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ተቀምጠዋል። መካኒኮቹ ከኋላ ቆመዋል። ባለሰማዩ ከኮሚቴው ጎን ወንበር ተሰጥቶታል፤ ተጠያቂ ይሁን ጋባዥ የሚለይ አልነበረም። ድገሚልኝን እናቱ በተሽከርካሪ ወንበር እየገፉ አስገቡት።

ባለሰማዩ ተነሥቶ ቃሉን ሰጠ። ማስጠንቀቂያው በጊዜው ተነግሯል፤ አብራሪው ሰምቷል፤ ራሱም አምኗል፤ በወጣቶች ዘንድ የሚታየው ቸልተኝነት እጅግ ያሳዝናል፤ ጋሽ ብሎን ለድርጅቱ እንደ ወንድም ነበሩ። በዚህ «ወንድሙ» ቀብር ላይ እንኳ ሰዓቱን ሲያይ ነበር! ግን ልብ አድርጉ፣ ከተናገረው ውስጥ ውሸት የምትሉት አንድ ዓረፍተ ነገር ቢፈለግ «ሰምቷል» የምትለዋ ብቻ ናት፤ እሷንም ያዋሳት ልጁ ነው።

«አንተስ ቃልህን ታጸናለህ?» አለ ሰብሳቢው።

«አጸናለሁ» አለ ድገሚልኝ።

የጋሽ ብሎን ባለቤት ተነሡ። ማንም «ይናገሩ» አላላቸውም፤ «ይቀመጡ» የሚል ደፋርም አልተገኘም።

«አንተ ልጅ» አሉ። «እሱ እኮ ቤት ሲገባ ያንተን ወሬ ነበር የሚያወራው። 'ከዚህ ልጅ ጋር ስበር አልጋዬ ላይ የተኛሁ ያህል ነው' ይለኝ ነበር። እና ለጨዋታ ነው የገደልክብኝ? ለሴት ድምፅ?»

ድገሚልኝ አንገቱን ደፋ። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል።

«አዎ፣ እትዬ» አለ።

እኔ ጸሐፊው «ውሸት ነው!» ብዬ ልጮህ ነበር። ንፋሴ ቀደመችኝ።

«ውሸቱን ነው!»

አዳራሹ ሁሉ ዞረ። ባለሰማዩ ከወንበሩ ግማሽ ተነሣ። «ተቀመጪ።»

«አልቀመጥም።»

«ይቅርታ አድርጉልን» አለ ወደ ሰብሳቢው ዞሮ፣ ያቺን ለእንግዳ የሚያወጣትን ድምፅ አውጥቶ። «ልጄ ሐዘኑ ከብዷታል። አእምሮዋ...»

«አእምሮዬ ደህና ነው፣ አባዬ። እጅህ የት ነበር?»

ባለሰማዩ ቀኝ እጁን ኪሱ ከተተ።

ንፋሴ ወደ መካኒኮቹ ዞረች። ድምፅዋ መጀመሪያ ላይ ተንቀጠቀጠ፤ እየሄደ ግን ሬዲዮ ላይ የሚያውቁት ድምፅ ሆነ፤ ቀጥ ያለ፣ እያንዳንዱ ቃል ለብቻው የሚሰማ።

«ሁላችሁም በድምፅ ማጉያው ሰምታችኋል። እሱ ድገሚልኝ አለ፣ እኔ ዝም አልኩ። እናንተም ሳቃችሁ። ለምን ዝም እንዳልኩ ግን አንድ ሰው አልጠየቀኝም! እሱን ጠየቃችሁ። አባቴን ጠየቃችሁ። ሬዲዮው ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ። የባለቤቱ ልጅ ስለሆንኩ ነው? ወይስ እሱን ስለምወደው ነው ቃሌ የማይቆጠረው? አዎ፣ እወደዋለሁ፤ ይሰማ! አብራሪው አልሰማም። ትናንት ሆስፒታል ገብቼ በየት ግባ እንዳልኩት ስጠይቀው በሰሜን አለኝ። በደቡብ ነበር ያልኩት። እየዋሸ ያለው እኔን ሊያድን ነው። ልደግም ስል አባቴ ቁልፉን በእጁ ሸፈነ። እጁን መግፋት እችል ነበር። ለአብራሪው ሥራ ፈርቼ፣ ደግሞም እሱ እንደ ልማዱ የሚጫወት መስሎኝ ዝም አልኩ። ሕጉን አውቃለሁ። በየጠዋቱ የማነበው እኔ ነኝ።»

ሰብሳቢው መሐረቡን አጣጥፎ አስቀመጠ። «እውነት ነው?» አለው ድገሚልኝን።

ልጁ ንፋሴን አያት፤ ፊቱ ላይ ልመና ነበር፤ ተዪኝ የሚል። እናቱ ከተሽከርካሪ ወንበሩ ኋላ ሆነው ትከሻውን ያዙ።

«ተናገር!» አሉት። «ወተት ሳጠጣህ ውሸት ቀላቅዬ አልነበረም።»

«አልሰማሁም» አለ ድገሚልኝ። ቃሉ ሲወጣ ትከሻው ወደቀ። «ከልቤ ነበር የጠየቅኩት። መልስ ሳላገኝ መግባት አልነበረብኝም። ገባሁ።»

«እርስዎስ?» አለ ሰብሳቢው ወደ ባለሰማዩ። «የመናገሪያውን ቁልፍ ሸፍነዋል?»

ባለሰማዩ ከገዛ ሴት ልጁ እስከ መካኒኮቹ ድረስ ያሉትን ሁሉ በዓይኑ ዳሰሰ። ከጎኑ የሚቆም ሰው ፈለገ። ሰማዩን በካርታ ቢመራም ያን ቀን አንድ ስንዝር መቆሚያ አላገኘም።

«ሬዲዮ መላፊያ አይደለም» አለ።

ይኸው ነበር መልሱ። ሌላ ማስረጃ አላስፈለገም። ከኋላ የቆሙት መካኒኮች አንድ በአንድ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ለእሱ ክብር አልነበረም። ያን ጠዋት መሳቃቸው ትዝ ብሏቸው ነው።

የጋሽ ብሎን ባለቤት አሁንም እንደቆሙ ናቸው። ወደ ንፋሴ ቀረቡ።

«እሱ ድገሚልኝ ሲልሽ ባለቤቴ በሕይወት ነበር?»

«ነበሩ፣ እትዬ።»

«ብትደግሚለት ይተርፍ ነበር?»

«አላውቅም። መድገም ግን ነበረብኝ።»

ሴትየዋ ሦስቱንም በየተራ አዩአቸው፤ አባትየውን፣ ልጁን፣ እሷን። አልተሳደቡም። ይቅርም አላሉ።

«እንግዲያው ለሦስት ተካፈሉት» አሉ። «የእኔ ለእኔ ይበቃኛል።»

ቦርሳቸውን እንደያዙ ወጡ። ንፋሴ ቢመቷት ይሻላት ነበር። ይቅርታ እንዳልመጣ፣ ምናልባትም እንደማይመጣ ገባት፤ ሊሰጧት የማይገባውን ነገር ባለመስጠታቸው ግን ሴትየዋን ይበልጥ አከበረቻቸው።

ከአዳራሹ ውጭ ግቢው ጠጠር ነው። ድገሚልኝ እናቱን እምቢ ብሎ ጎማውን በራሱ እጅ እየገፋ ነበር፤ ጠጠሩ አላስኬደው ብሎ ይሳደባል። ንፋሴ ደርሳበት ከፊቱ ቆመች።

«ምን አደረግሽ?» አላት። «እኔ እኮ ተሸክሜው ነበር።»

«በአንድ እግርህ?»

«አትቀልጂ! ሬዲዮ ላይ ዳግመኛ አያስቀምጡሽም። አባትሽም ደጁን ይዘጋብሻል። እኔ አንዴ አልቆልኛል፣ አንቺ እንኳ...»

«ደግሞ ጀመርክ! እኔ እንኳ ምን? እኔ እንኳ በውሸትህ ልኑር? አንተን እስር ቤት ልጠይቅህ እየመጣሁ፣ እትዬን መንገድ ላይ ባገኘሁ ቁጥር አንገቴን እየደፋሁ፣ ሌሊት ሌሊት እኔና አባቴ ብቻ የምናውቀውን እያመነዠክሁ? ይህ ነው ለእኔ ያሰብክልኝ ኑሮ?»

ድገሚልኝ እጁን ከጎማው ላይ አነሣ።

የባለሰማዩ መኪና ከአዳራሹ ጀርባ መጥቶ አጠገባቸው ቆመ። የኋላው በር ከውስጥ ተከፈተ። ባለሰማዩ ፊቱን ወደ ፊት አድርጎ ተቀምጧል፤ ቀኝ እጁን በግራው ጥርቅም አድርጎ ይዞታል። ንፋሴ ያቺን እጅ ስታይ ሆዷ ባባ። አባቷ ነዋ! ብስክሌት ያስተማራት ያ እጅ ነው። ማዘኗ ራሱ አናደዳት። በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው።

እናትየው ግን ሳይናገሩ አልቀሩም። ወደ መስኮቱ ጠጋ ብለው፣ ዕድሜ ልክ የለመዱትን አክብሮት ሳያጓድሉ «ጌታዬ፣ ከነገ ጀምሮ ሸሚዝዎን ራስዎ ይተኩሱ» አሉት።

መኪናው ሄደ። እናትየው ወዴት እንደሚገቡ ሳያውቁ፣ ግን በሰው ፊት ቀና ብለው፣ ታክሲ ሊፈልጉ ወደ በሩ አመሩ።

ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ንፋሴ እዚያው ጠጠሩ ላይ ተንበረከከች፤ ጉልበቷን ወጋት፤ ግድ አልሰጣትም። ፊቷ ከፊቱ ጋር እኩል ሆነ። ቡጢዋ እንደተጨበጠ ነው።

«ልትመቺኝ ነው?» አላት።

«እግርህ ይዳን ብቻ!»

ሊስቅ ሞከረ። ሳቁ መንገድ ላይ ተቀየረና ሌላ ድምፅ ሆኖ ወጣ። «ጋሽ ብሎን» አለ። ከአደጋው ወዲህ ስማቸውን ሲጠራ የመጀመሪያው ነበር፤ የገደለ ሰው መስሎ ሲኖር ማልቀስ እንኳ አልተፈቀደለትም ነበር። ግንባሩ ትከሻዋ ላይ ወደቀ። እሷም የያዘችው ቡጢ ሲፈታ ተሰማትና የሸሚዙን ጀርባ ጨበጠች።

በአባቷ ተናድዳለች። በዚህ ሰው ተናድዳለች። በራሷማ አትጠይቁኝ። እንደዚያን ዕለት ተናድዳበት አታውቅም፤ እንደዚያን ዕለትም ወድዳው አታውቅም።